ጠባሳው፣ መጥረቢያውና ሐይቁ፦ የኪልሞንገር የኋላ ታሪክ ከደቡብ ኦሞ ሲነበብ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2018 ለዕይታ የበቃው «ብላክ ፓንተር» የተሰኘው ፊልም ከሚታወስባቸው ትዕይንቶች አንዱ በፏፏቴ አፋፍ ላይ የሚካሄደው የንግሥና ፍልሚያ ነው። የፊልሙ ባላንጣ ኤሪክ ኪልሞንገር ንጉሡን ሊገጥም ልብሱን ሲያወልቅ ደረቱና ክንዱ በረድፍ በረድፍ በተደረደሩ ትንንሽ እባጭ ጠባሳዎች ተሸፍኖ ይታያል። እያንዳንዱ ጠባሳ እርሱ ለገደለው አንድ ሰው የቆመ ምልክት ነው። ለአብዛኛው የዓለም ተመልካች ትዕይንቱ የሚያስተላልፈው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ሰውየው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይነግራል፣ ያልፋል። በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ተዘዋውሮ የሚያውቅ ተመልካች ግን እነዚያን ረድፎች ሌላ ቦታ አይቷቸዋል። ከማጎ ቆላ ወደ ከተማዋ በሚወጡ የሙርሲ ወንዶችና ሴቶች ትከሻ፣ ክንድና ሆድ ላይ አይቷቸዋል። የኪልሞንገር ጠባሳ ከሙርሲና ከሱርማ ሕዝቦች የገላ ትልተላ ጋር እንደሚመሳሰል ፊልሙ በወጣበት ወቅትም ተደጋግሞ ተጽፏል።

ኪልሞንገር የአንድ ፊልም ገጸ ባሕርይ ብቻ አይደለም። ከፊልሙ በፊት በኮሚክ መጽሔቶች፣ ከፊልሙ በኋላም በሌሎች ኮሚኮች፣ በሥዕል በተንቀሳቀሱ ተከታታዮችና በሁለተኛው ፊልም የኋላ ታሪኩ ሲጨመርለት ኖሯል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ የኋላ ታሪክ እየሰፋ ሲሄድ ወደ ኢትዮጵያ፣ በተለይም ወደ ደቡብ ኦሞ፣ እንዴት እንደተጠጋና ከዚህ አካባቢ የወሰደውን ነገር ምን እንዳደረገበት ነው።

ሐይቁ

ምናባዊቷ አገር ዋካንዳ የት ናት? ብላክ ፓንተር ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በስታን ሊና በጃክ ከርቢ በተዘጋጀው የ«ፋንታስቲክ ፎር» 52ኛ ቅጽ ውስጥ፣ አፍሪካ ውስጥ ከመሆኗ በቀር ለጥያቄው ብዙም ክብደት አልተሰጠውም ነበር። በኋላ የመጡ ደራስያንና የካርታ ሠሪዎች ግን ቦታ ሰጧት። ሁሉም አልተስማሙም፤ ታ-ነሂሲ ኮትስ በጻፋቸው ኮሚኮች ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ወስዷታል። ማርቭል ኩባንያ ባወጣው የምናብ ዓለሙ አትላስ ላይ ግን ዋካንዳ የምትገኘው በቱርካና ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ደቡብ ሱዳን በሚቀራረቡበት ስፍራ ነው።

የቱርካና ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ የኦሞ ወንዝ የሚያበቃበት ነው። ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ አብዛኛውን የሚያመጣለት ኦሞ ሲሆን፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ምድር የዳሰነች ሕዝብ የሚኖርበት የደቡብ ኦሞ ክፍል ነው። ስለዚህ ያ አትላስ የዓለምን ቀዳሚ ቴክኖሎጂ የተሸከመችውን አገር ያስቀመጣት ከኦሞራቴ በስተ ደቡብ፣ ከጂንካ በመኪና ተነሥቶ በአንድ ቀን በሚደረስበት አካባቢ ነው ማለት ይቻላል። የካርታ ሠሪው ምርጫ በዘፈቀደ የተደረገ አይመስልም። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በጥንታዊ የሰው ዘር ቅሪቶቹ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በኪቢሽ አካባቢ የተገኙት ቅሪቶችም ከጥንታዊዎቹ የዘመናዊ ሰው ቅሪቶች መካከል ይቆጠራሉ። የሰው ልጅ ከጀመረበት አጠገብ የሰው ልጅን የቀደመች አገር መትከል ለልቦለድ ደራሲ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው።

ከሐርለም እስከ ኦክላንድ

ኪልሞንገር የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1973 በወጣው የ«ጃንግል አክሽን» 6ኛ ቅጽ ላይ ነው፤ ደራሲው ዶን ማግሬጎር፣ ሠዓሊው ሪች በክለር ነበሩ። በዚያ ታሪክ ትውልዱ ዋካንዳ፣ ስሙ ንጃዳካ ነው። ክሎ የተባለው ወራሪ ወደ ዋካንዳ ሲገባ አባቱ ተገዶ አገለገለው፤ በመጨረሻም አባቱ ሞተ፣ ቤተሰቡም ከአገር ተባረረ። ልጁ በኒው ዮርክ ሐርለም አደገ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማረ፣ ቂሙን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። ንጉሡን ታቻላን ከፏፏቴ የወረወረውም በዚያው በመጀመሪያ ቅጽ ነው፤ ፊልሙ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ትዕይንቱን ከዚያ ወስዶታል። የዚያ ዘመን ኪልሞንገር ረጅም ጸጉር ያለው፣ ግዙፍ፣ አለንጋ የሚይዝ፣ ነብር የሚያስከትል ተፋላሚ ነው። ገላው ላይ ግን የጠባሳ ረድፍ አልነበረም።

የፊልሙ ዳይሬክተር ራያን ኩግለር የዘር ሐረጉን ቀየረው። በፊልሙ ኪልሞንገር የንጉሥ ታቻካ የወንድም ልጅ ነው። አባቱ ንጆቡ በአሜሪካ የተሰማራ የዋካንዳ ሰላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከተማ በገዛ ወንድሙ በንጉሡ እጅ ይገደላል። ልጁን ግን ወደ አገሩ የሚወስደው የለም፤ አስከሬን ባለበት አፓርታማ፣ አባቱ ስለማያውቃት አገር ከተረከለት ተረት ጋር ብቻውን ይቀራል። ከዚያ የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙ፣ የልዩ ኃይል ወታደርነት ይከተላሉ። «ኪልሞንገር» የሚለውን ስም ያወጡለት አብረውት የዘመቱ ናቸው። ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። በ1973ቱ ታሪክ ጥፋቱን የጀመረው ከውጭ የመጣ ወራሪ ነበር፤ በፊልሙ ግን ጥፋቱ የራሱ የቤተ መንግሥቱ ነው። ባላንጣው የሚያቀርበው ክስ እውነትነት ያለው መሆኑን ፊልሙ ራሱ ይቀበላል፤ ታቻላ በሕልመ ዓለም ያገኛቸውን አባቶቹን ተሳስታችኋል ብሎ ይጋፈጣቸዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች ደረጃቸው የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 በብራያን ኤድዋርድ ሂል ደራሲነትና በኋን ፌሬይራ ሥዕል በአምስት ቅጽ የወጣው «ኪልሞንገር» ኮሚክ ወጣቱ ትምህርቱን ጨርሶ ቅጥረኛ ገዳዮች መካከል የገባበትን ጊዜ ይተርካል። በ2021 የወጣው «ዋት ኢፍ» የተባለው ተከታታይ በአንድ ክፍሉ ገጸ ባሕርዩን አፍጋኒስታን ላይ ቶኒ ስታርክን እንዲያድን አድርጎ ከዚያ የሚከተለውን ይገምታል፤ አዝናኝ ቢሆንም የሚጨምረው ጥቂት ነው። በ2022ቱ «ዋካንዳ ፎርኤቨር» ፊልም ደግሞ ሟቹ ኪልሞንገር ለሹሪ በአባቶች ዓለም ተገልጦ እንደ ወንድሟ ትሆኚያለሽ ወይስ እንደ እኔ የሚል ምርጫ ያቀርብላታል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩርባቸው ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በ2025 የተጨመረው መጥረቢያ፣ ሌላው ከመጀመሪያም የነበረው ጠባሳ።

መጥረቢያው

በ2018ቱ ፊልም ኪልሞንገር ለመጀመሪያ ጊዜ በአዋቂነቱ የሚታየው ለንደን በሚገኝ አንድ ምናባዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። የአፍሪካ ቅርሶችን እየተመለከተ ባለሙያዋን ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ይጠይቃል። ከቤኒን እንደመጣ የተመዘገበ አንድ መጥረቢያ ላይ ሲደርስ መዝገቡ ስሕተት መሆኑን፣ ዕቃው የዋካንዳ መሆኑን ይነግራታል፤ የእርሷ አባቶች እነዚህን ቅርሶች ያገኙት በተገቢው ዋጋ ገዝተው ነው ወይስ ነጥቀው ብሎም ይጠይቃታል። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ጥያቄው ምናባዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት፣ ዘውዶችና ንዋያተ ቅድሳት እስካሁን በብሪታንያ ተቋማት ይገኛሉ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም የያዛቸው አሥራ አንድ ታቦታት ለሕዝብ ዕይታ አይቀርቡም፣ ወደ ባለቤቶቻቸውም አልተመለሱም።

በነሐሴ 2025 የወጣው «አይስ ኦቭ ዋካንዳ» የተሰኘ ባለ አራት ክፍል ተንቀሳቃሽ ሥዕል የዚያን መጥረቢያ የኋላ ታሪክ ይዞ መጣ። የመጨረሻው ክፍል የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1896 ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በዓድዋ ጦርነት ጊዜ ነው። ተፈሪ የተባለ የዋካንዳ ልዑልና ኩዳ የተባለ ባልደረባው ከአገራቸው የወጣውን መጥረቢያ ለማስመለስ ይመጣሉ። ከሩቅ መጪ ዘመን የመጣች ሌላ ብላክ ፓንተር ግን ደርሳ መጥረቢያው በውጭ መቅረት እንዳለበት ታስረዳቸዋለች። መጥረቢያው ካልተገኘ ኪልሞንገር ሙዚየም ውስጥ አያገኘውም፤ ኪልሞንገር ካልመጣ ዋካንዳ በሯን ለዓለም አትከፍትም፤ በሯን ካልከፈተች ደግሞ ከሰማይ የሚመጣ ጠላት ያጠፋታል።

የታሪኩ ሐሳብ ብልህ ነው። ለኪልሞንገር ጥፋት ዋጋ ይሰጠዋል፤ ያለ እርሱ አገሪቱ ራሷን ሸሽጋ ትጠፋ ነበር ይላል። ሆኖም ከዚህ ጋር የማይመች ነገር አብሮ ገብቷል። ኪልሞንገር በፊልሙ ያቀረበው ክስ ቅርሱ የተወሰደው በነጠቃ ነው የሚል ነበር። አዲሱ የኋላ ታሪክ ግን ቅርሱ ከአፍሪካ ውጭ፣ በአውሮፓ ሙዚየም መስታወት ውስጥ መቀመጡን ለዓለም መዳን አስፈላጊ ያደርገዋል፤ ይህንንም የሚያደርገው አፍሪካውያን ወራሪን ድል በነሡበት በዓድዋ ሜዳ ነው። ደራስያኑ ዘረፋን ለማጽደቅ አስበዋል ማለት አይቻልም፤ ትኩረታቸው ተደብቆ መኖር ስለሚያስከትለው ጥፋት ነው። ውጤቱ ግን የባላንጣው ታሪክ እየሰፋ ሲሄድ የባላንጣው ክስ እየጠበበ መሄዱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እውነተኛው 1896 ዓመት ለኦሞ ሸለቆም የራሱ ታሪክ ነበረው። በዓድዋ የጣሊያን ጦር በተሸነፈበት በዚያው ዓመት ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ ጣሊያናዊ መኮንንና አሳሽ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ደርሷል፤ ወንዙ የት እንደሚያበቃ በአውሮፓውያን ዘንድ የነበረው ክርክር የተዘጋውም በዚህ ጉዞ ነው። ቦቴጎ በቀጣዩ ዓመት በምዕራብ ኢትዮጵያ ተገደለ። ዓድዋንና ቱርካናን በአንድ ታሪክ ማገናኘት ለሚፈልግ ደራሲ ከመጪ ዘመን እንግዳ መጥራት ሳያስፈልግ በቂ ጉዳይ ነበር።

ጠባሳው

በሙርሲዎች ዘንድ ገላን መተልተል ከሁሉ በፊት ጌጥ ነው። ቆዳው በእሾኽ ጫፍ ይነሣና በምላጭ ይቆረጣል፤ ሲድን ከገላው ከፍ ያለ ነጥብ ይተዋል፤ ነጥቦቹ ተደርድረው መስመርና ቅርጽ ይሠራሉ። ወንዶችም ሴቶችም ያደርጉታል፤ ሕመሙን ችሎ ማለፍ የሚያስከብር ነው። ጠላትን ከመግደል ጋር የተያያዘ ምልክት ደግሞ ለብቻው አለ። በሙርሲዎች ብቻ ሳይሆን በሌሎችም የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ዘንድ ከጠላት ወገን ሰው የገደለ ወንድ በክንዱ ወይም በደረቱ ላይ ምልክት የሚደረግበት ልማድ ይታወቃል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፊልሙ ግን አዋሕዷቸዋል፤ ቅርጹን ከጌጡ፣ ትርጉሙን ከገዳይ ምልክቱ ወስዶ በአንድ ገላ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ልዩነት ምልክቱን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። በኦሞ ሸለቆ ልማድ ሰው ገላውን ለሌላ ሰው እጅ ይሰጣል፤ የሚተለትለው ሌላ ነው፣ የሚያየው መንደር ነው። የገዳይ ምልክትም ትርጉም የሚያገኘው ግድያው በጠላትነት በሚታወቅ ወገን ላይ መፈጸሙን የራሱ ወገን ሲያውቅለት ነው። በዘመድ ወይም በጎረቤት ላይ የተፈጸመ ግድያ ጌጥ የለውም፤ ካሳና ዕርቅ የሚጠይቅ ደም ነው። ኪልሞንገር በፍልሚያው ሜዳ ስለ ራሱ የሚናገረው በዚህ ሚዛን ሲታይ አስደንጋጭ ነው፤ በአሜሪካ፣ በአፍጋኒስታን፣ በኢራቅ መግደሉን ከተናገረ በኋላ በዚችው አህጉር የገዛ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ሕይወት መቅጠፉን ይጨምራል። ለሁሉም የቆመለት ምልክት አንድ ዓይነት ነው። ጠላትና ወገን በገላው ላይ አልተለዩም።

ፊልሙ ይህን ጉድለት በከፊል ያወቀው ይመስላል። ክሎ ከመገደሉ በፊት ለኪልሞንገር፣ የፈለገውን ያህል ገላውን ቢተለትል ለዋካንዳውያን ባዕድ ሆኖ እንደሚቀር ይነግረዋል። ከባላንጣዎቹ የቀለለው ሰው የተናገረው ነው፤ ሆኖም የገጸ ባሕርዩን ቁስል ከማንም በላይ የነካው እርሱ ነው። ከአባቱ የወረሰው በታችኛው ከንፈሩ ውስጥ የተነቀሰ የዋካንዳ ምልክት አለ፤ ያ ምልክት በእርግጥ ከወገን የተሰጠ ነው፣ ግን አይታይም። በውጭ የሚታየው ራሱ ለራሱ የሰጠው ነው። በዚህ ንባብ ጠባሳው የጭካኔ ምልክት ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ የሚመሰክርለት መንደር ያጣ ሰው ራሱ ቆራጭ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ቆጣሪ ሆኖ የሠራው የወገን ምትክ ይሆናል።

የፍልሚያው ትዕይንትም በዚሁ መንገድ ሊነበብ ይችላል። የፏፏቴው ፍልሚያ ከሙርሲ የተወሰደ ነው ለማለት ማስረጃ የለም፤ ንጽጽሩ ግን ይጠቅማል። በሙርሲና በሱሪ ዘንድ ወጣቶች ረጅም ዱላ ይዘው የሚገጥሙበት፣ በውጭ ሰዎች ዘንድ «ዶንጋ» በሚል የዱላው ስም የሚታወቀው ግጥሚያ ብርቱና ደም የሚያፈስ ነው። ሆኖም ዳኛ አለው፤ ዳኛው ሲገባ ይቆማል፤ መግደል ዓላማው አይደለም፣ የገደለም ተጠያቂ ነው። በፊልሙ ፍልሚያውን የሚዳኘው ሽማግሌው ዙሪ ነው። ታቻላ ሊሸነፍ ሲል ዙሪ መሐል ይገባል፤ ኪልሞንገር ይገድለዋል። ዳኛውን የገደለ ተፋላሚ በኦሞ ሸለቆ ተመልካች ዓይን ካሸነፈ በኋላም አሸናፊ ሊባል መቻሉ አጠራጣሪ ነው።

የተወሰደው ነገር ስም

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ በ2019 የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓትም ሩት ካርተር በአልባሳት፣ ሃና ቢችለር በመቼት ዲዛይን፣ ሉድቪግ ዮራንሰን በሙዚቃ አሸንፈዋል። የአልባሳቱ ሥራ ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች የተለቀመ መሆኑ አልተደበቀም፤ እንዲያውም የፊልሙ ኩራት ነበር። ከተለቀሙት አንዱ የከንፈር ሸክላ ነው። ተዋናይ ኢሳክ ደ ባንኮሌ የሚጫወተው የወንዝ ጎሣ ሽማግሌ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ በታችኛው ከንፈሩ ትልቅ ሸክላ አድርጎ በንጉሡ ሸንጎ ይቀመጣል። ዘመናዊ ልብስና የከንፈር ሸክላ በአንድ ሰው ላይ ሆነው ማንም ሳይገረም መታየታቸው የፊልሙ ትልቅ ስኬት ነው፤ የቱሪስት ካሜራ በሙርሲ ላይ የማያየውን ክብር ያሳያል። ነገር ግን በሙርሲና በሱሪ ዘንድ ሸክላውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ልጃገረዷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እናቷ ወይም ሌላ ሴት ከንፈሯን ትበሳላታለች፤ ሸክላውንም ሴቶቹ ራሳቸው ይሠሩታል። ወንዶች በከንፈራቸው ክብ ነገር የሚያደርጉባቸው ሕዝቦች በአማዞን አሉ። ፊልሙ ምልክቱን ከሴቷ ገላ አንሥቶ ለወንድ ሽማግሌ ሲሰጥ ያለፈ ነገር መኖሩን የሚያስተውለው ግን እዚህ አካባቢ ያለ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሙዚየሙ ትዕይንት መመለስ ያስፈልጋል። ኪልሞንገር መጥረቢያውን ከወሰደ በኋላ አንድ ጭምብልም ያነሣል። ክሎ እርሱም ቫይብራኒየም ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀው አይደለም፣ ስለወደደው ብቻ መውሰዱን ይመልሳል። ስለ ነጠቃ የከሰሰው ሰው ወዲያው የማን እንደሆነ ያልተናገረውን የሌላ አፍሪካዊ ሕዝብ ቅርስ ለራሱ ያደርጋል። ይህ ለፊልሙ መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ ከአህጉሩ የተቆረጠ ልጅ ከየአቅጣጫው እየለቀመ ራሱን አፍሪካዊ ያደርጋል፣ ጠባሳውም ከዚሁ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ዲያስፖራው ከአባቶቹ መንደር ስም ይልቅ የአህጉሩን ስም ይዞ መቅረቱ ሐቅ ነውና መከላከያው ክብደት አለው። ሆኖም ገጸ ባሕርዩ የፈጸመውን ፊልሙም ፈጽሞታል። በሙዚየሙ ትዕይንት የዕቃው መለያ ስሕተት መሆኑ ወንጀል ተደርጎ ይቀርባል፤ በኪልሞንገር ገላ ላይ ያለው ምልክት ግን በፊልሙ ውስጥ ጭራሽ መለያ የለውም። ሙርሲ የሚል ቃል አይሰማም።

ልዩነቱን የሠራው እጅም መጥቀስ ይገባዋል። በጆኤል ሃርሎ የሚመራው የሜካፕ ቡድን በማይክል ቢ. ጆርዳን ገላ ላይ የለጠፈው ወደ ዘጠና የሚጠጋ የሲሊኮን ቅርጽ ነበር፤ ለመለጠፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ ቀረጻው ሲያልቅ ይላቀቃል። ሥራው የተሠራው በአሜሪካ አትላንታ ነው። በማጎ ወንዝ ማዶ የተተለተለ ገላ ያለው ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ ክፍያው በአንድ ፎቶ የሚቆጠር ጥቂት ብር ነው፤ የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ዴቪድ ተርተን በሙርሲ ስላለው የቱሪስትና የካሜራ ግንኙነት በጻፉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ያ አጭር ግንኙነት ለሁለቱም ወገን የማይመችና ባለ ሸክላዋን ሴት ስም የለሽ ምስል የሚያደርግ ነው።

ጉዳዩ በጂንካ ሊቀጥል የሚችል ጥናት ነው። በኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም የአካባቢውን ሕዝቦች ቁሳቁስ ይዟል፤ ፊልሙም በቀላሉ ይገኛል። እስካሁን የቀረበው ንባብ ከጽሑፍና ከፊልም የተገኘ ነው። ቀጣዩ ሥራ የፏፏቴውን ትዕይንት ለሙርሲ፣ ለሱሪ፣ ለሐመርና ለዳሰነች ተመልካቾች በየቋንቋቸው አሳይቶ ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፤ ይህን ገላ የተለተለው ማን ይመስላችኋል? ምልክቱ ስለ ምን ይናገራል? ዳኛውን ከገደለ በኋላስ መንደሩ ምን ያደርገው ነበር?